በግዛት የተፈቀደ፣ በፌዴራል የተከለከለ፦ የአሜሪካ ባንኮች የካናቢስ ነጋዴዎችን ገንዘብ እንዴት ያስተናግዳሉ?

በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ካናቢስ የሚሸጥ ነጋዴ ከግዛቱ መንግሥት የንግድ ፈቃድ አውጥቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ግብሩን በወቅቱ እየከፈለ ይሠራል። የዕለት ሽያጩን ይዞ ወደ ባንክ ሲሄድ ግን አብዛኞቹ ባንኮች ሒሳብ ሊከፍቱለት ፈቃደኛ አይደሉም። የሚቀበሉትም ቢሆኑ እንደ ዳቦ ቤት ወይም እንደ ልብስ ነጋዴ አያስተናግዱትም። በየወሩ ጠቀም ያለ የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቁታል፤ ስለ ገንዘብ እንቅስቃሴውም ለፌዴራል መንግሥቱ በየጊዜው ሪፖርት ይልካሉ።

በሀገራችን ዕፀ ፋርስ በሚል ስም የሚታወቀው ካናቢስ በኢትዮጵያ ሕግ የተከለከለ ነው። በአሜሪካ ግን በርካታ ግዛቶች ፈቅደውት በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚንቀሳቀስበት ንግድ ሆኗል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ 24 ግዛቶችና ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ለአዋቂዎች ፈቅደዋል፤ ለሕክምና ብቻ የፈቀዱት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። በዚህ ዘገባ የሚጠቀሱት ዓመታት በሌላ መልኩ ካልተገለጹ በስተቀር በዚሁ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የነጋዴው ፈቃድ ከግዛት፣ የባንኩ ሕልውና ደግሞ ከፌዴራል መንግሥት የሚመነጭ በመሆኑ ሁለቱ ሳይገናኙ ዓመታት ተቆጥረዋል። የዚህ አለመገናኘት ዋጋ ደግሞ በአብዛኛው የሚያርፈው በትንንሽ ነጋዴዎች፣ በገበሬዎችና በቅጥር ሠራተኞች ላይ ነው።

ሁለት ሕግ በአንድ ሀገር

"ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" እንዲሉ፣ የጉዳዩ መነሻ እ.አ.አ. በ1970 የወጣው የአሜሪካ የቁጥጥር ዕፆች ሕግ ነው። ይህ ሕግ አደገኛ የሚላቸውን ዕፆች በአምስት መደቦች ከፍሎ ያስቀመጠ ሲሆን፣ ካናቢስን ከሄሮይን ጋር በመጀመሪያውና እጅግ ጥብቅ በሆነው መደብ ውስጥ አስገብቶታል። በዚህ መደብ ያለን ነገር ማምረት፣ ማጓጓዝና መሸጥ በመላ ሀገሪቱ የፌዴራል ወንጀል ነው።

ግዛቶቹ በበኩላቸው የራሳቸውን መንገድ ያዙ። ካሊፎርኒያ በ1996 በሕዝብ ድምፅ ካናቢስን ለሕክምና ፈቀደች። በኅዳር 2012 የኮሎራዶና የዋሽንግተን ግዛት ነዋሪዎች ለአዋቂዎች እንዲሸጥ ድምፅ ሰጡ። በኮሎራዶ የመጀመሪያዎቹ መደብሮች ጥር 1 ቀን 2014 በራቸውን ከፈቱ። ግዛቶቹ የራሳቸውን የቅጣት ሕግ መለወጥ ይችላሉ፤ የፌዴራሉን ሕግ ግን መሻር አይችሉም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የግዛትና የፌዴራል ሕግ ሲጋጩ የፌዴራሉ የበላይ እንደሚሆን ይደነግጋል።

በተግባር ግን የፌዴራል ፖሊስ በየመደብሩ እየገባ ነጋዴዎችን ማሰር አልጀመረም። የፍትሕ ሚኒስቴሩ በነሐሴ 2013 ለዐቃቤ ሕጎቹ በላከው ማስታወሻ፣ የግዛቱን ቁጥጥር አክብረው የሚሠሩትን ከመክሰስ ይልቅ በስምንት ጉዳዮች ላይ እንዲያተኩሩ መመሪያ ሰጠ። ከእነዚህ መካከል ለሕፃናትና ለወጣቶች መሸጥ፣ ገንዘቡ ለወንጀል ቡድኖች መድረሱ፣ ምርቱ ወዳልፈቀዱ ግዛቶች መሻገሩ፣ እንዲሁም ንግዱ ለሌሎች ዕፆች ሽፋን መሆኑ ይገኙበታል። ነጋዴው በዚህ መልኩ ከክስ ፋታ ሲያገኝ የባንኩ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ።

ባንኩ ምን ያስፈራዋል?

በአሜሪካ በወንጀል ድርጊት የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ እስከ 20 ዓመት እስራት ሊያስከትል የሚችል ወንጀል ነው። ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የሆነን የወንጀል ፍሬ እያወቁ በባንክ ማንቀሳቀስም ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። ካናቢስ መሸጥ በፌዴራል ደረጃ ወንጀል እስከሆነ ድረስ፣ ከሽያጩ የተገኘው እያንዳንዱ ዶላር በሕግ ዓይን የወንጀል ፍሬ ነው። ገንዘቡን የሚቀበለው ባንክ፣ ለነጋዴው ብድር የሚሰጠው የብድር ባለሙያ፣ ብሎም ውሳኔውን ያጸደቀው የቦርድ አባል በመርሕ ደረጃ ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሌላም ስጋት አለ። በአሜሪካ ባንኮች ፈቃዳቸውን ከግዛት ወይም ከፌዴራል መንግሥት ሊያገኙ ይችላሉ። ፈቃዱን ከግዛት ያገኘ ባንክም ቢሆን ከፌዴራል ተቋማት ውጭ መኖር አይችልም። የደንበኞቹን ተቀማጭ የሚያስጠብቀው የመድን ዋስትና የፌዴራል ነው፤ ገንዘብ ከባንክ ወደ ባንክ የሚተላለፍበት ሥርዓት የሚሠራው በማዕከላዊ ባንኩ በፌዴራል ሪዘርቭ ነው። ከእነዚህ አንዱን ያጣ ባንክ መዝጋት እንጂ ሌላ አማራጭ የለውም።

ከዚህ በተጨማሪ ባንኩ ብድር ሲሰጥ ዋስትና ይይዛል። የካናቢስ ነጋዴው ሕንፃ፣ መሬትና መሣሪያ በፌዴራል ሕግ ሊወረስ የሚችል ንብረት በመሆኑ፣ እንዲህ ያለውን ዋስትና ይዞ ገንዘብ ማበደር በአሸዋ ላይ ቤት እንደመሥራት ይቆጠራል። ነጋዴው ቢከስር እንኳ የኪሳራ ጉዳዮችን የሚያዩት ፍርድ ቤቶች የፌዴራል በመሆናቸው በአብዛኛው በራቸው ዝግ ነው።

የ2014 መመሪያ፦ ሦስት ዓይነት ሪፖርት

የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር ሥር የሚገኘውና የፋይናንስ ወንጀሎችን የሚከታተለው ፊንሴን የተባለ ተቋም የካቲት 14 ቀን 2014 ለባንኮች መመሪያ አወጣ። መመሪያው የካናቢስን ገንዘብ ሕጋዊ አላደረገም፤ ይህን የማድረግ ሥልጣን ያለው ምክር ቤቱ ብቻ ነው። ባንኮች ነጋዴዎቹን ለማገልገል ከወሰኑ ግዴታቸውን እንዴት እንደሚወጡ ግን አብራርቷል።

በአሜሪካ ማንኛውም ባንክ በአንድ ቀን ከ10 ሺህ ዶላር የሚበልጥ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ወይም ሲወጣ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ከዚህ በተለየ የሚጠራጠረው እንቅስቃሴ ሲያጋጥመው የአጠራጣሪ ግብይት ሪፖርት በ30 ቀናት ውስጥ ይልካል። ለካናቢስ ነጋዴ ግን ይህ ሪፖርት ጥርጣሬ እስኪፈጠር አይጠብቅም። ገንዘቡ በፌዴራል ሕግ ከተከለከለ ሥራ የመጣ በመሆኑ፣ ነጋዴው ምንም ያህል ጨዋ ቢሆን ሪፖርት ይደረግበታል። መመሪያው ሪፖርቱን በሦስት ይከፍለዋል።

የመጀመሪያው "የተወሰነ" የሚባለው ነው። ባንኩ ደንበኛውን አጣርቶ የግዛቱን ሕግ እንዳልጣሰ፣ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ከዘረዘራቸው ስምንት ጉዳዮች አንዱንም እንዳልነካ ሲያምን የደንበኛውን ማንነትና አድራሻ የያዘ አጭር ሪፖርት ይልካል። ሪፖርቱ አንዴ ተልኮ አያበቃም፤ የ90 ቀናት እንቅስቃሴ እየተጠቃለለ ሒሳቡ ክፍት እስከሆነ ድረስ ይቀጥላል።

ሁለተኛው "ቅድሚያ የሚሰጠው" ነው። ባንኩ ነጋዴው ከስምንቱ አንዱን ጥሷል ወይም የግዛቱን ሕግ ተላልፏል ብሎ ሲያምን ዝርዝር መረጃ፣ ቀናትና የገንዘብ መጠን ያካተተ ሪፖርት ያቀርባል። ሦስተኛው "የማቋረጥ" ሪፖርት ነው። ባንኩ ሒሳቡን ለመዝጋት ሲወስን ምክንያቱን ይገልጻል፤ ደንበኛው ወደ ሌላ ባንክ መሄዱን ካወቀም ያንን ባንክ እንዲያስጠነቅቅ ይበረታታል። በሦስቱም ዓይነት ሪፖርት ጊዜ ባንኩ ለደንበኛው ሪፖርት እንደተደረገበት መንገር በሕግ አይፈቀድለትም።

ሒሳብ ከተከፈተ በኋላ

መመሪያው ባንኩ ሒሳብ ከመክፈቱ በፊት የሚያጣራቸውን ነገሮች ዘርዝሯል። የነጋዴው ፈቃድ እውነተኛ ስለመሆኑ ከግዛቱ መሥሪያ ቤት ያረጋግጣል፤ ለፈቃዱ የቀረበውን ማመልከቻና አባሪ ሰነዶች ይመረምራል፤ ስለ ባለቤቶቹና ስለ ሸሪኮቻቸው ከተቆጣጣሪዎች መረጃ ይጠይቃል። ነጋዴው ምን ዓይነት ምርት ለማን እንደሚሸጥና የተለመደ የገንዘብ እንቅስቃሴው ምን ያህል እንደሆነም አስቀድሞ ይመዘግባል።

የባንኩ ክትትል ዋና ሥራ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። በርካታ ግዛቶች እያንዳንዱ የካናቢስ ተክል ከዘር እስከ ሽያጭ በኮምፒውተር እንዲመዘገብ ያስገድዳሉ። ባንኩ በዚህ መዝገብ ላይ ያለውን ሽያጭና ነጋዴው ለግብር ያስታወቀውን ገቢ ወደ ሒሳቡ ከገባው ገንዘብ ጋር ያመሳክራል። ለምሳሌ አንድ መደብር በወር 200 ሺህ ዶላር ሽያጭ አስታውቆ 300 ሺህ ዶላር ቢያስገባ፣ ትርፉ 100 ሺህ ዶላር ከየት መጣ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ከሌላ ግዛት የገባ ምርት ተሸጦ ሊሆን ይችላል፤ የሌላ ሰው ገንዘብ በነጋዴው ስም እየገባም ሊሆን ይችላል።

መመሪያው ሌሎች የአደጋ ምልክቶችንም ያስቀምጣል። ገንዘቡን ከ10 ሺህ ዶላር በታች እየከፋፈሉ ማስገባት፣ በአካባቢው ካሉ ተመሳሳይ መደብሮች እጅግ የሚበልጥ ጥሬ ገንዘብ መያዝ፣ ባለቤቱ ከግዛቱ ውጭ መኖሩ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። አንደኛው ምልክት በተለይ የባንክ ገንዘብ ተቀባዮችን አፍንጫ የሚመለከት ነው፦ ራሱን "አማካሪ" ወይም "አስተዳደር" ድርጅት ብሎ ያስመዘገበ ደንበኛ የሚያስገባው ገንዘብ ካናቢስ ካናቢስ የሚሸት ከሆነ ባንኩ ሊጠረጥር ይገባል ይላል።

ይህን ሁሉ ለመከታተል ባንኩ ባለሙያ ይቀጥራል፤ ሥርዓት ይዘረጋል። ወጪውን የሚሸፍነው ደንበኛው ነው። የካናቢስ ነጋዴዎች ለአንድ ሒሳብ በወር ከመቶዎች እስከ ሺዎች ዶላር የሚደርስ ክፍያ ይጠየቃሉ። በርካታ ቅርንጫፍ ላለው ትልቅ ድርጅት ይህ የሚቻል ወጪ ነው፤ በአንዲት መደብር ለሚተዳደር ቤተሰብ ግን ከትርፉ ላይ የሚቆረጥ ከባድ ሸክም ነው።

የፍትሕ ሚኒስትር የነበሩት ጄፍ ሴሽንስ በጥር 2018 የ2013ቱን ማስታወሻና ተያያዥ ማስታወሻዎችን ሲሽሩ ብዙዎች ባንኮቹ ይሸሻሉ ብለው ሠግተው ነበር። የፊንሴን መመሪያ ግን ሳይሻር በሥራ ላይ ቆየ፤ ባንኮቹም በጥንቃቄ ቀጠሉ። በ2021 የካናቢስ ነጋዴዎችን እንደሚያስተናግዱ በሪፖርታቸው ያሳወቁት ባንኮችና የቁጠባና ብድር ማኅበራት ከ700 በላይ ነበሩ። በሀገሪቱ በጠቅላላው ካሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ተቋማት አንጻር ይህ ቁጥር ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። ከገቡበት ውስጥ ብዙዎቹ በአንድ አካባቢ የታጠሩ ትንንሽ ባንኮችና ማኅበራት ሲሆኑ፣ በመላ ሀገሪቱ ቅርንጫፍ ያላቸው ግዙፎቹ ባንኮች ዳር ቆመው መመልከትን መርጠዋል።

በካዝና የሚያድር ገንዘብ

ባንክ ያጣ ነጋዴ በጥሬ ገንዘብ ይኖራል። የሠራተኛውን ደመወዝ በፖስታ ይከፍላል፤ የቤት ኪራዩን በእጁ ይሰጣል፤ ግብሩን በሻንጣ ይዞ ወደ ግብር ቢሮ ይሄዳል። ደመወዙን በጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ሠራተኛ ደግሞ ቤት ለመግዛት ብድር ሲጠይቅ ቋሚ ገቢ እንዳለው ማስረዳት ይቸገራል።

ደንበኞችም በክሬዲት ካርድ መክፈል አይችሉም። ቪዛና ማስተርካርድ ካናቢስ በካርዶቻቸው እንዲሸጥ አይፈቅዱም። አንዳንድ መደብሮች ሽያጩን ከገንዘብ ማውጫ ማሽን ጥሬ ገንዘብ እንደወጣ አስመስለው የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ሲጠቀሙ ቆይተዋል። ሆኖም ቪዛ በ2021 መጨረሻ ይህን አሠራር የሚያስጠነቅቅ መልእክት አስተላልፏል፤ ማስተርካርድም በሐምሌ 2023 በዴቢት ካርድ የሚደረገው ሽያጭ እንዲቆም አዝዟል።

በአንድ ቦታ የተከማቸ ጥሬ ገንዘብ ዘራፊ ይጠራል። በሰኔ 2016 በኮሎራዶ ኦሮራ ከተማ የአንድ ካናቢስ መደብር ጠባቂ ለዝርፊያ በገቡ ታጣቂዎች ተገድሏል። ካናቢስን ራሱን የሚቃወሙ የሕግ አስከባሪዎችና ባለሥልጣናት ሳይቀሩ የባንኩ በር እንዲከፈት የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው። የእነርሱ መከራከሪያ ቀላል ነው፤ በባንክ የሚያልፍ ገንዘብ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ግብር ይከፈልበታል፤ በካዝና የሚያድር ገንዘብ ግን ለሌባም ለግብር ሰዋሪም ምቹ ነው።

ከባንኩ ጎን ለጎን ግብሩም ይከብዳል። በ1982 የወጣ የፌዴራል ግብር ድንጋጌ የተከለከለ ዕፅ የሚነግድ ሰው ኪራይን፣ ደመወዝንና ማስታወቂያን የመሳሰሉ ወጪዎችን ከገቢው እንዳይቀንስ ይከለክላል። ድንጋጌው የታሰበው ለሕገ ወጥ ዕፅ ነጋዴዎች ነበር። በግዛት ፈቃድ የሚሠራው ነጋዴም በመጀመሪያው መደብ ያለ ዕፅ እስከሸጠ ድረስ በዚሁ ሕግ ስለሚዳኝ፣ ባላተረፈበት ዓመት ጭምር ግብር ሊከፍል ይችላል።

ገበሬው የት ላይ ነው?

ካናቢስ ከመደብር በፊት ከማሳ የሚነሣ ሰብል ነው። አምራቹ ገበሬ ከነጋዴው በላይ የሚጎዳበት አጋጣሚም ብዙ ነው። እርሻ ወቅትን ጠብቆ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ዘሩ፣ ማዳበሪያውና የጉልበት ዋጋው ምርቱ ከመሸጡ ከወራት በፊት ይከፈላል። በቆሎ ወይም ስንዴ የሚያመርት አሜሪካዊ ገበሬ ይህን ክፍተት በባንክ ብድር፣ በፌዴራል የእርሻ ብድርና በፌዴራል በሚደገፍ የሰብል መድን ይሸፍነዋል። የካናቢስ አምራቹ ከሦስቱም ውጭ ነው። በ2014 የፌዴራል የመስኖ ግድቦችን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የሚያከፋፍለው ውኃ ካናቢስ ለማልማት እንደማይውል አስታውቋል።

የሕግ ለውጥ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ የሚያሳየው የሄምፕ ታሪክ ነው። ሄምፕ ከካናቢስ ጋር አንድ ዓይነት ተክል ሲሆን፣ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ከ0.3 በመቶ የማይበልጥና ለቃጫ፣ ለዘይትና ለልዩ ልዩ ምርቶች የሚውል ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2018 ባጸደቀው የግብርና ሕግ ሄምፕ ከተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር ወጣ። ከዓመት በኋላ በታኅሣሥ 2019 የባንክ ተቆጣጣሪዎች በጋራ ባወጡት መግለጫ ገበሬው ሄምፕ ስላመረተ ብቻ የአጠራጣሪ ግብይት ሪፖርት መላክ እንደማያስፈልግ አሳወቁ። ቀጥሎም የሄምፕ ገበሬዎች የሰብል መድን ማግኘት ጀመሩ። በማሳው ላይ የበቀለው ተክል ዝርያው አንድ ነው፤ ባንኩን ያራቀውና ያቀረበው የሕጉ መስመር ነው።

ራሱን የቻለ ባንክ የመመሥረት ሙከራ

ነባሮቹ ባንኮች ካልተቀበሉን የራሳችንን እንመሥርት ያሉም ነበሩ። በኅዳር 2014 የኮሎራዶ ግዛት ፎርዝ ኮርነር ለተባለ አዲስ የቁጠባና ብድር ማኅበር ፈቃድ ሰጠ። ማኅበሩ ሥራ ለመጀመር በፌዴራል ሪዘርቭ ዘንድ ዋና ሒሳብ ማግኘት ነበረበት። ይህ ሒሳብ ከሌለ ቼክ ማጣራትም ሆነ ገንዘብ ማስተላለፍ አይቻልም። የካንሳስ ሲቲው ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በ2015 ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ከዓመታት ክርክር በኋላም ማኅበሩ ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ የካናቢስ ነጋዴዎችን እንደማያገለግል ከተስማማ በኋላ በ2018 ቅድመ ሁኔታ ያለበት ይሁንታ አገኘ። የተመሠረተበትን ዓላማ ትቶ ነው በሩ የተከፈተለት።

ድንበር ተሻጋሪው ሕግ

የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጥላ ከአሜሪካ ድንበር አልፎ ይሄዳል። ኡራጓይ በ2013 ካናቢስን በሀገር ደረጃ የፈቀደች የመጀመሪያዋ ሀገር ስትሆን፣ በሐምሌ 2017 በፋርማሲዎች መሸጥ ጀመረች። በኡራጓይ የግዛትና የፌዴራል ሕግ ግጭት የለም። ይሁንና በሳምንታት ውስጥ የሀገሪቱ ባንኮች የፋርማሲዎቹን ሒሳብ እንደሚዘጉ አስጠነቀቁ። ምክንያቱ የዶላር ዝውውር ነው። የየትኛውም ሀገር ባንክ ዶላር ለመላክና ለመቀበል አሜሪካ ውስጥ ወኪል ባንክ ያስፈልገዋል። ያ ወኪል ባንክ የሚገዛው በአሜሪካ ሕግ ነው፤ ግንኙነቱን ሊያቋርጥ እንደሚችል ሲያሳውቅ የሞንቴቪዴዮ ፋርማሲ ባለቤት ከሒሳቡና ከካናቢሱ አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ።

በሌላ በኩል ካናዳ በጥቅምት 2018 ካናቢስን በፌዴራል ደረጃ ስትፈቅድ፣ ባንኮቿ በሀገር ውስጥ ፈቃድ ያላቸውን ድርጅቶች ለማገልገል ሕጋዊ እንቅፋት አልገጠማቸውም። ከአሜሪካ ጋር ያለው ልዩነት የባንኮቹ ድፍረት ሳይሆን ከላይ እስከ ታች አንድ የሆነው ሕግ ነው።

ምክር ቤቱ የጀመረው፣ ያልጨረሰው

መፍትሔው ያለው በአሜሪካ ምክር ቤት እጅ ነው። በግዛት ሕግ መሠረት የሚሠሩ ነጋዴዎችን ያገለገሉ ባንኮች በዚህ ምክንያት ብቻ እንዳይቀጡ የሚደነግግ ረቂቅ በመስከረም 2019 በተወካዮች ምክር ቤት በ321 ድጋፍና በ103 ተቃውሞ አለፈ። በተከታዮቹ ዓመታትም በዚያው ምክር ቤት ደጋግሞ ቢጸድቅም በሴኔቱ ሳይጸድቅ ቀርቷል። በመስከረም 2023 የሴኔቱ የባንክ ኮሚቴ የተሻሻለውን ረቂቅ 14 ለ9 በሆነ ድምፅ አሳልፎ ነበር። ይህም ቢሆን በዚያ የምክር ቤት ዘመን ሕግ ሳይሆን ቀረ።

የሚቃወሙት ወገኖች ባንክ መክፈት ንግዱን ያስፋፋል፣ ወጣቶችን ለሱስ ያጋልጣል፣ የወንጀል ቡድኖችም በቀዳዳው ሊገቡ ይችላሉ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በካናቢስ ምክንያት ለዓመታት የታሰሩት ሰዎች ጉዳይ ሳይታይ የባንኮችና የባለሀብቶች ችግር ብቻ መፈታቱ ፍትሐዊ አይደለም ብለው ይከራከራሉ።

በግንቦት 2024 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ካናቢስ ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው መደብ ዝቅ እንዲል ሐሳብ አቅርቧል። የመደብ ለውጥ የግብሩን ጫና ያቃልላል። የባንኩን ጥያቄ ግን በራሱ አይመልስም፤ በሦስተኛው መደብ ያለ ዕፅም ቢሆን ከፌዴራል ፈቃድ ውጭ ሲሸጥ ሕገ ወጥ ነውና።

ለኢትዮጵያውያን ምን ማለት ነው?

በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሜሪላንድ፣ በኮሎራዶ፣ በካሊፎርኒያና በዋሽንግተን ግዛት ይኖራሉ። እነዚህ ሁሉ ካናቢስን በተለያየ ደረጃ የፈቀዱ አካባቢዎች ናቸው። በመደብሮቹ ተቀጥሮ መሥራትም ሆነ ሕንፃ ማከራየት በግዛቱ ሕግ የተፈቀደ መሆኑ ብዙዎችን ሊያዘናጋ ይችላል።

ስደተኞችን የሚመለከተው ሕግ ግን የፌዴራል ነው። የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት በሚያዝያ 2019 ባወጣው ማብራሪያ፣ በካናቢስ ሥራ መሳተፍ በግዛት ደረጃ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ ለዜግነት የሚያስፈልገውን የመልካም ሥነ ምግባር መስፈርት ሊያሳጣ እንደሚችል አስታውቋል። መኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው በሰዓት ጥሩ ክፍያ አገኘሁ ብሎ ሥራውን ሲቀበል "በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" የሚለው ብሂል ሊደርስበት ይችላል። ሕንፃ የሚያከራይም ከባንክ ብድር ወስዶ ከሆነ የብድር ውሉ እንዲህ ያለውን ተከራይ ይከለክል እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል። ውሳኔ ላይ ከመድረስ በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ ባለሙያ ማማከር አስፈላጊ ነው።

በኢትዮጵያ ካናቢስ ማምረትም ሆነ መነገድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 የተከለከለ በመሆኑ እንዲህ ያለ የባንክ ጥያቄ አይነሣም። የጉዳዩ ትምህርት ግን እዚህም ይሠራል። ጫት ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። በኢትዮጵያ ገበሬው በሕግ ያመርተዋል፤ ነጋዴው ግብር ከፍሎ ይሸጠዋል፤ ለውጭ ገበያም ይቀርባል። በአሜሪካ የተከለከለ ነው፤ ብሪታንያም በሰኔ 2014 ከልክላዋለች። አዲስ አበባ ላይ በሕግ የተገኘ ገቢ የሻጩን ሒሳብ አያጠራጥርም፤ በተከለከለበት ሀገር ከሽያጭ የተገኘ ገንዘብ ግን በዚያ ሀገር ባንኮች ዘንድ የወንጀል ፍሬ ተደርጎ ይታያል።

የኢትዮጵያ ባንኮችም በሕግ ደንበኛቸውን የማወቅ፣ የገንዘቡን ምንጭ የመጠየቅና አጠራጣሪ ግብይትን የማሳወቅ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። በዶላር ለመገበያየትም እንደ ኡራጓይ ባንኮች ሁሉ የውጭ ሀገር ወኪል ባንኮችን ይጠቀማሉ። አንድ ደንበኛ ከውጭ ለተላከለት ገንዘብ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ፣ ጥያቄው ከመስኮቱ ጀርባ ካለው ሠራተኛ የግል ጥርጣሬ የመጣ ላይሆን ይችላል። ገንዘቡ ባለፈባቸው ሀገሮች ሁሉ የሚሠራ ሰንሰለት አካል ነው።

በመሆኑም ከውጭ ገንዘብ የሚቀበል ገበሬም ሆነ ነጋዴ የላኪውን ማንነት፣ የተላከበትን ምክንያትና ከተቻለ የሚያስረዳ ሰነድ መያዙ ራሱን ከእንግልት ይጠብቅበታል። ገንዘቡን ትንሽ ትንሽ እየከፋፈሉ በተለያየ ሰው ስም ማስገባት ግን ከጥያቄ አያድንም፤ በአሜሪካም ሆነ በሌላ ሀገር ባንኮች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠረጥሩት ይህንኑ ነው። ባንክ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ገንዘቡ የማን ነው፣ ከየት መጣ? የኮሎራዶው ነጋዴ ሁለቱንም በሰነድ እየመለሰ እንኳ በሩ ሙሉ በሙሉ ያልተከፈተለት ፈቃዱን የሰጠው መንግሥት ባንኩን ከሚያስተዳድረው መንግሥት የተለየ በመሆኑ ነው።